ካርታው ላይ ነጭ የቀረው ጫካ

ቀያሹ በእርሳሱ ጫፍ ወደ ጫካው ጠቆመና «ያኛውስ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀ።

አስተርጓሚው ጂምቢ ወደ አጎቱ ዞረ። ከማለዳ ጀምሮ የጠረፉን መንደሮች፣ ወንዞችና ረግረጎች ስም ሲተረጉም ነው የዋለው። የእናቱ ወንድም፣ የወገኑ አለቃ ሽማግሌው ፑአቲ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ይመልሳሉ፤ እሱ ወደ ፈረንሳይኛ ይገለብጣል፤ ፈረንሳዊው ቀያሽ ሙሴ ዴልማ ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። ይህ ጥያቄ መምጣቱ እንደማይቀር ያውቅ ነበር። ጫካው ከባሕረ ሰላጤው አፋፍ ላይ ጥቁር ሆኖ ቆሟል፤ ዕውር ካልሆነ በቀር ሳያየው የሚያልፍ የለም።

«አጎቴ፣ ስለ ጫካው ነው የሚጠይቀው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሽማግሌው ወደ ጫካው ዞር እንኳ አላሉም። ባሕሩን እያዩ «ምንም የለም በለው» አሉ።

«ስሙን ነው እኮ የሚለው።»

«ሰማሁህ። ምንም የለም፣ የማንም አይደለም በለው። ምላስህን ምን ያዘው?»

ጂምቢ ወደ ቀያሹ ዞሮ «ምንም የለም፤ የማንም አይደለም» አለ። ሙሴ ዴልማ ራሱን ነቅነቅ አደረገና እርሳሱን ወደሚቀጥለው ወንዝ አሻገረ።

እኔም ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ማወቅ ያማረው ሰው የከተማውን ካርታ ገልጦ ያንብብ። ዛሬ የማያውቀው የለም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱው ነው። ያኔ ግን እንዲህ አልነበረም። በእኛ በጠረፉ ሰዎች፣ በቪሊዎች ዘንድ እያንዳንዱ ወገን ሙታኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አለው፤ የፑአቲ ወገን ቦታ ይህ ጫካ ነበር። ስሙ የሚጠራው ቀብር ሲኖር ብቻ ነው። ሬሳው በጨርቅ ላይ ጨርቅ ተጠቅልሎ እስከ ጫካው አፍ ይመጣል። የወገኑ አለቃ ከሰው ተነጥሎ ወደፊት ይወጣል፤ መዳፎቹን ያጨበጭብና ስሙን አንድ ጊዜ ይጠራል። ያኔ ጫካው ይከፈታል። ሬሳ ሳይኖር ሰው የጠራው እንደሆነ ግን ጫካው ባዶውን አይዘጋም፤ የሚያስገባውን ራሱ ወጥቶ ይፈልጋል። ስለዚህ እናቶች ለልጆቻቸው «ያ ቦታ» ማለትን ያስተምራሉ። ለባዕድ ሰው ደግሞ «ያ ቦታ» የሚባልም የለም።

ይህ ዝምታ በከንቱ የመጣ አልነበረም። የባሪያ ፈንጋዮች መርከብ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ መልሕቅ በጣለ ቁጥር ሴትና ሕፃን የሚሸሸገው እዚያ ነበር፤ ጠያቂው ሁሉ «ምንም የለም» ተብሎ ተሸኝቷል። ሽማግሌው ታዲያ አያቶቻቸውን ያተረፈ ቃል የልጅ ልጆቻቸውን ያጠፋል ብለው እንዴት ይጠርጥሩ? እኔ አልፈርድባቸውም። ቀያሹ ላይም ለመፍረድ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሙሴ ዴልማ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለን ነበር። አፍንጫው ፀሐይ የላጠው፣ የመለኪያ መነጽሩን እንደ ጡት ልጅ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስተኛ፣ የጂምቢ ሚስት ቡዋንጋ ያጨሰችውን ዓሣ እጁን እየላሰ የሚበላ ሰው ነው። ባሕረ ሰላጤው ማዕበል የማይደፍረው በመሆኑ ባቡሩ የሚያልቀውም ወደቡ የሚሠራውም እዚህ እንዲሆን አለቆቹ ወስነዋል። የእሱ ሥራ መሬቱን ለክቶ ወረቀት ላይ ማስፈር፣ ከዚያም ከተማውን ወረቀቱ ላይ ማቆም ነው። ሰዎቹ የብረት ሰንሰለት እየጎተቱ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ እየተከሉ፣ ባለፉበት ሁሉ ችካል እየመቱ በመንደሮቹ መሃል ሲመላለሱ ከረሙ። ሰው ችካሎቹን አልነቀለም። ዙሪያውን ዞሮ ያልፍ ነበር እንጂ፤ ነጭ ቀለም በእኛ አገር የሙታን ነውና።

ጂምቢ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ በመማሩ ነው አስተርጓሚ የሆነው። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ቡዋንጋ ከዓሣው ርብራብ ሥር እሳቱን እየቆሰቆሰች ትጠብቀዋለች። ሆዷ ገፍቷል።

«መጣህ? ዛሬስ የማንን ጓዳ አሳይተኸው መጣህ?»

«የማንንም። ወንዝ ነው ያሳየሁት።»

«ወንዙንማ እሱም አይቶታል፤ ዓይን አለው። አንተን የያዘህ ዓይኑ ያላየውን እንድታወጣለት ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ዓሣሽን ግን ሲያጣጥምልሽ ደስ ይልሻል።»

«ዓሣዬ ምን አደረገ? ዓሣዬ አያስተረጉምም» አለችና ሳቀች። ጂምቢም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ሁለቱም ሳይፈልጉ ወደ ጫካው አዩ። የጂምቢ እናት እዚያ ናት። መሄድ በጀመረች ሰሞን ትኩሳት የነጠቃቸው የመጀመሪያ ልጃቸው ቺሎምቦም እዚያ ናት።

አንድ ቀን ጠዋት ሙሴ ዴልማ ድንኳን ውስጥ ካርታውን ዘርግቶ ቀለም ሲያጠጣው ጂምቢ ደረሰ። ካርታው አለቀ ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ወንዙ፣ ረግረጉ፣ የአሸዋው ጠርዝ፣ የያንዳንዱ መንደር ጎጆ ሳይቀር በቀጭን ቀለም ተሥሎ፣ ጎን ለጎኑ ስሙ ተጽፎበታል። ጫካው ባለበት ግን ወረቀቱ እንዳለ ነው፤ ነጭ።

«ሙሴ፣ ይህቺ ነጭ ምንድን ናት?»

«የቷ? እ፣ እሷማ አንተው የነገርከኝ ናት። ምንም የለበትም፣ የማንም አይደለም አላልክም?»

«ብዬ ነበር። ነጭ የቀረ ቦታ ኋላ ምን ይሆናል?»

«ባለቤት የሌለው መሬት የመንግሥት ነዋ። ሕጉ ነው።» ሙሴ ዴልማ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት አወጣና በካርታው ላይ አለበሰው። በቀይ ቀለም መንገዶች ተሰምረውበታል፤ ከባሕሩ ተነስተው እንደ መረብ ወደ ውስጥ ይዘረጋሉ። «ተመልከት እንግዲህ። ባቡሩ በዚህ ይመጣል። መርከቡ እዚህ ይቆማል። መጋዘኖቹ የግድ እመካከላቸው መሆን አለባቸው። የሰው ቤት ማፍረስ አልወድም፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሳኛል። ደስ የሚለው ታዲያ፣ ልክ እዚያው ላይ ባዶ ቦታ አገኘሁ።»

ቀዩ አራት ማዕዘን ነጩን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት ነበር። ጂምቢ ጣቱን በቀዩ ላይ አሳረፈ።

«ስም ቢኖረውስ? ባለቤት ቢኖረውስ?»

«ያኔማ እጽፈዋለሁ። የተጻፈ ነገር እንዲሁ አይታለፍም፤ ቢያንስ ይጠየቅበታል። ግን የምታውቀው ነገር ካለ ቶሎ ነው። መርከቡ ሲመጣ ወረቀቴን ጠቅልዬ እሄዳለሁ።» ቀና ብሎ አየው። «የምታውቀው ነገር አለ እንዴ?»

«አጎቴን ልጠይቅ» አለ ጂምቢ።

ሽማግሌው በተገለበጠ ታንኳ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተቀደደ መረብ ይጠግኑ ነበር። ጂምቢ ፊታቸው በርከክ ብሎ፣ እንደ ወጉ መዳፎቹን ደጋግሞ አጨበጨበና ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ ያየውን ሁሉ ነገራቸው።

ሽማግሌው በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ፈገግ አሉ። «ወረቀቱ ላይ የለም ነው የምትለኝ?»

«የለም አጎቴ።»

«ጎበዝ! ታዲያ ፊትህን ምን አጠቆረው?»

«ባዶ ነው ብለው እኮ ነው። ባዶ ስለሆነ ዕቃ ቤት ሊሠሩበት ነው።»

«ስማኝ የእህቴ ልጅ። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ጻፏቸው፤ ግብር መጣ። የአሸዋው መንደሮች ተጻፉ፤ ጎረምሶቻቸው ለባቡር ሥራ ተለቅመው ተወሰዱ፣ እስካሁንም የተመለሰ የለም። እነዚህ ሰዎች የሚይዙት የጻፉትን ነው። ያልጻፉትን በምን ይይዙታል? በየት በኩል ይገቡበታል?»

«ድሮ እንደዚያ ነበር። አሁን ግን ያልተጻፈውን ነው የሚወስዱት። ወረቀቱን አይቼዋለሁ።»

«ሚሲዮኑ እንዲህ እያለ ነው ያስተማረህ?»

«ሚሲዮኑን ይተዉት አጎቴ!» ጂምቢ በታላቁ ላይ ድምፁን ከፍ ማድረጉን ሲያውቅ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ግን አላቆመም። «እርስዎ ስሙን በአፍዎ አያንሱት። እኔ ልንገረው። ዕዳው በእኔ ይሁን።»

ሽማግሌው መረቡን ከጭናቸው ላይ አወረዱት። «ቺሎምቦን የወሰድናት ዕለት የጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ያን ዕለት ምን እንደ መለሰልኝ ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ዕዳ ዕዳ የምትለው አፍህ ውስጥ ያልገባ ነገር ነው። ቤትህ ውስጥ ነፍሰ ጡር ተቀምጣለች። ሬሳ ሳትይዝ ትጠራውና ማን እንዲመጣለት ነው? እሱ ሽማግሌ ነው ወጣት ነው ብሎ አይመርጥም። የቀረበውን፣ በሩ ላይ ያለውን ነው የሚያነሳው።»

ጂምቢ አንገቱን እንደ ደፋ ተነሳ። አጎቱ መነሳቱን እሺታ አድርገው ወሰዱት፤ መረባቸውንም አነሱ።

በማግስቱ የሙሴ ዴልማ ሰዎች ከመለኪያው ኮረብታ እስከ ባሕሩ ድረስ ዓይን የሚያሳልፍ ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ ጀመሩ። መስመሩ የጫካውን አንድ ጥግ የሚነካ ነበር። ማንም ምንም አላለም፤ ምንም የሌለበት ቦታ ነው ተብሎ የለ? የመጀመሪያው ዛፍ ሲወድቅ ከጫካው ውስጥ የሌሊት ወፎቹ በጠራራ ፀሐይ ተነሱ። ሰማዩን አጨለሙት። በመንደሩ ላይ አንድ ዙር ዞሩና ጩኸታቸውን እያሰሙ ወደ ባሕሩ ሄዱ፤ መሬት ወደሌለበት ወደዚያ። ሲመሽ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ መመለሳቸውን ጠበቀ። አልተመለሱም። ከዚያ ወዲያም በመንደሩ ውሾቹ እንኳ ወደ ጫካው ፊታቸውን አዙረው አይተኙም ነበር።

«ልጁ ዛሬ አልተንቀሳቀሰም» አለች ቡዋንጋ ካሳቫውን ከቅጠሉ እየፈታች።

«ተኝቶ ይሆናላ።»

«እንዳፍህ ያድርገው።» ቁራሹን አቀበለችውና ፊቱን ስታጠናው ቆየች። «ልትነግረው ነው፣ አይደል?»

«ካልነገርኩት ቺሎምቦ ላይ በርሜል ይደረድሩባታል።»

«ከነገርከውስ? ይህንን ነው የምትሰጠው?» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ሁለቱም ልጆቼ ናቸው፣ ቡዋንጋ።»

«አይደሉም አልኩህ?» ቅጠሉን ጨምድዳ ጣለች። «እኔ የምልህን አጣሁ። ብቻ የምታደርገው ከሆነ እኔ በማልሰማበት አድርገው።»

የጭሱ መርከብ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ቆሞ ሲያፏጭ ሙሴ ዴልማ ሣጥኖቹን እየቆለፈ ነበር። ተሸካሚዎቹ ድንኳኑን ነቅለዋል። ካርታው ብቻ ቀለሙ እስኪደርቅ ሣጥን ላይ ተዘርግቶ ነበር። ጂምቢ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልወሰነም። የወሰነው ቀያሹ ካርታውን ለመጠቅለል እጁን ሲዘረጋ ነው።

«ሙሴ፣ ዋሽቼህ ነበር። ጫካው መቃብራችን ነው። ባለቤቱ የፑአቲ ወገን ነው።»

ሙሴ ዴልማ ደነገጠ። «እና እስከዛሬ? አሁን፣ መርከቡ እያፏጨ?» ግን እርሳሱን አወጣ። «በል፣ ስሙን ንገረኝ።»

ጂምቢ ስሙን በሹክሹክታ ተናገረ።

«አልሰማሁህም። ጮክ በል።»

ጮክ ብሎ ተናገረ። አጠገባቸው ገመድ ሲቋጥሩ የነበሩት ተሸካሚዎች እጃቸው ባለበት ቀረ፤ ከመሃላቸው አንዱ ገመዱን ጥሎ ተነሳና ሳይሮጥ፣ ወደ ኋላውም ሳያይ ሄደ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ በቀስታ። መጀመሪያው እንዴት ነው? እህ። ቀጥል። መጨረሻውስ? አሁንም ድገምልኝ።» ጂምቢ ደገመለት። እየቆራረሰ ደገመለት። አንድ አለቃ በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ያውም እንባው እየወረደ የሚያወጣውን ቃል፣ እንደ ሕፃን ትምህርት እየሸራረፈ ለፈረንጅ ጆሮ መገበው። ምላሱ ላይ የዝገት ጣዕም መጣበት። ቀያሹ ነጩ ላይ በቆንጆ ፊደል ጻፈው፤ ከጎኑም ትንሽ መስቀል ሣለበት። ቀና ብሎም የጻፈውን በኮልታፋ አንደበቱ፣ አፉን ሞልቶ አነበበው።

«እንዴት የሚያምር ስም ነው!» አለ። «ይህን ደብቀኸኝ ልታልፍ?»

ሰላማዊ ቀን ነበር። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ጫካው ግን ከወዲያ ማዶ ሲንኮሻኮሽ ጂምቢ በጆሮው ሰማ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ መንደር ደርሷል። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ሆነው ገላቸውን ይታጠቡ ነበር። ጂምቢ ለማጨብጨብ እጁን ሲያነሳ «ተው» አሉት። «እጅህን ዛሬ አታጨብጭብ። ስንት ሰው ሰማ?»

«ተሸካሚዎቹ። አጎቴ፣ ጽፎታል እኮ። መስቀልም አድርጎበታል። ከእንግዲህ አይነኩትም።»

«ሬሳው የታል?»

ጂምቢ ወደ ቤቱ አቅጣጫ አየ።

«ቡዋንጋ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ልጁ ይንቀሳቀሳል?»

«አላውቅም» አለና ጂምቢ እንደ ሴት አለቀሰ፤ ሰው ሁሉ እያየው ነበር፣ አላፈረም።

ሽማግሌው ሰውነታቸውን አደራርቀው ለበዓል የሚለብሱትን ጨርቅ አገለደሙ። የአለቅነት በርጩማቸውን አንስተው ለእሱ ሰጡት። «ቁመህ አትየኝ፤ ያዘው እንጂ! ከባድ አይደለም። ተጠርቷል፣ ወጥቷልም። ባዶ እጁን አይመለስ። እኔ ጥርሴ አልቆ፣ ዓሣ እንኳ ሰው አላምጦ የሚያጎርሰኝ ሽማግሌ ነኝ፤ ሬሳ ለመሆን እኔ ምን አንሼ?» ሊቀልዱ መሞከራቸው ነበር። ማንም አልሳቀም።

ሄደው ጫካው አፍ ላይ ተቀመጡ። ምግብ ይዘን ብንሄድ መለሱን፤ ውኃ ብንወስድ አፈሰሱት። ጂምቢ እግራቸው ላይ ተደፍቶ ለመነ፤ ራሱን ዳበሱትና ወደ ሚስቱ እንዲሄድ አዘዙት። በተቀመጡ በሳምንታቸው ጠዋት ላይ፣ እንደ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ለዛፍ ሰጥተው አገኘናቸው። የዚያን ዕለት ቡዋንጋ ልጁ በርግጫ እንደቀሰቀሳት እየጮኸች ከቤት ወጣች።

በእኛ ወግ አለቃን የሚወርሰው የእህቱ ልጅ ነውና በቀብሩ ጂምቢ አዲሱ አለቃ ነበር። ሬሳው ፊት ወጣ፤ መዳፎቹን አነሳ። ከኋላው ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ምን ልታደርግ ነው?» አለው። «አንተማ ጠርተኸዋል።» ስለዚህ ፑአቲን ያለ ጥሪ አስገባናቸው። እንደዚያ ያለ ጸጥ ያለ ቀብር አላየሁም።

ቡዋንጋ ሴት ልጅ ወለደች። ፔምባ አሏት። ጂምቢ ሲያቅፋት፣ የአጎቱ ሞት ከነጩ ቦታ ጋር አብሮ እንደ ተዘጋ፣ ዕዳው እንደ ተከፈለ አድርጎ ማሰብ ጀመረ። ይህንንም ለቡዋንጋ ነገራት፤ እሷም ልታምነው ፈለገች።

ልጅቷ መዳህ ስትጀምር የፈረንሳዮቹ አዛዥ ኮማንዳኑ ሽማግሌዎቹን ወደ ቢሮው አስጠራ። አዲሱ የከተማ ፕላን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከታች ፊርማና ማኅተም አለበት። ጂምቢ ገና ከበሩ ሳይገባ ስሙን አየው። ሙሴ ዴልማ ቃሉን ጠብቋል፤ ስሙ እዚያው አለ፣ እንዲያውም ጎልቶ። የተጻፈው ግን በቀዩ አራት ማዕዘን ላይ ነው።

«ዕቃ ቤቱ ወደ ሌላ ቦታ አልዞረም?» ሲል ጠየቀ።

«ወዴት ይዙር?» አለ ኮማንዳኑ። «የመርከብ ማቆሚያውን ጋራ ላይ ልውሰደው? ፕላኑ ተፈርሟል። መቃብር እንደሆነ ተጽፏል፣ አይተነዋል። በከተማ ውስጥ መቃብር ለጤና ስለማይፈቀድ አጥንቶቻችሁን ለቅማችሁ ከረግረጉ ማዶ ትወስዳላችሁ። ግን ባዶ እጃችሁን አልሰደድኳችሁም። ስሙን ወደነዋል። የዕቃ ማራገፊያው በዚሁ ስም እንዲጠራ ተወስኗል። ሰሌዳውም ታዟል።» ከዚያም ስሙን ጠራው፤ ሁለቴ።

ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች ስሙን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ። «ምን ነው የሚለው?» አሉት። «ለምንድን ነው የሚጠራው?»

ጂምቢ ዞሮ አያቸው። «ምንም የለም» አለ።

አጥንት መልቀሙን አልተርከውም። የጂምቢን እናት አገኙ። የአጎቱን ለማንሳት ማንም ስላልደፈረ እዚያው ቀሩ። ከቺሎምቦ የተገኘው የአንገቷ ዶቃ ብቻ ነው፤ ከነአፈሩ ተጠቅልሎ ረግረጉን ተሻገረ። ከዚያ መጥረቢያ ገባ። ዛፎቹ በወደቁበት የድንጋይ ወለል ተነጠፈ፣ የቆርቆሮ መጋዘን ተሰለፈ፣ የባሕሩ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ቆመ። የጭነት ታንኳዎች ከመርከቡ ሲመለሱ አሠሪው ቆርቆሮ መለከቱን አፉ ላይ ያደርግና በየት በኩል እንዲያራግፉ ስሙን ይጮህላቸዋል። ቀዛፊዎቹም ስሙን እየተቀባበሉ ይመልሱለታል። ከጠዋት እስከ ማታ። ከላይ አገር የመጡት የቀን ሠራተኞች ከቃል አይቆጥሩትም፤ ለእነሱ የሥራ ቦታ ነው። ማዕበል በማያውቀው በዚያ ባሕረ ሰላጤ ታንኳ ይገለበጥ ጀመር። ከሠራተኞቹ የቆርቆሮ ጎጆ በየሳምንቱ ሬሳ ይወጣል። ሐኪሙ ትኩሳት ነው አለ። የእኛ ሰዎች ጥሪውን ይቆጥሩ ነበር።

ፔምባ አፏ ዘገየ። እኩዮቿ ነገር ሲቀጣጥሉ እሷ «ማማ» እንኳ አላለችም ነበር። «ስትፈልግ ታወራለች» ይላል ጂምቢ። «ምን አስቸኮለሽ? አፍ ምን እንዳመጣልኝ አይተሻል።» ቡዋንጋ ግን በየቀኑ ፊቷ ቁጭ ብላ «በይ ማማ፣ በይ ታታ» ትላታለች። ልጅቷ ትስቃለች፤ ሰላምታ እንዳስተማሯት ትንንሽ መዳፎቿን ታጨበጭባለች፣ እሱንም የምታደርገው ትልልቅ ሰዎች ፊት ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ቡዋንጋ ለዓሣ ማጨሻ የሚሆን የሣጥን ፍልጥ እንዲያመጣላት ጂምቢን ወደ መጋዘኖቹ ላከችው። ወደዚያ መሄድ አይወድም፤ ግን ሌላ እንጨት የቀረ የለም። ልጅቷን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ከሰሌዳው ሥር ሲደርስ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ማለፍ ልማዱ ነበር፤ እንዲያ እያደረገ ሳለ አሠሪው መለከቱን አነሳና ጠራ። ከባሕሩ ቀዛፊዎቹ መለሱ።

ከራሱ በላይ ፔምባ ማጨብጨብ ስትጀምር ተሰማው። ጥርት ባለ፣ ምንም በማይኮላተፍ ድምፅ የጫካውን ስም ጠራች።

ተሸካሚዎቹ «ጎሽ! የኛ አሠሪ!» ብለው ሳቁላት። ጂምቢ ከትከሻው አውርዶ ደረቱ ላይ አጣበቃትና አፏን በመዳፉ ከደነው። ዓይኗን አየ፤ ደስ ብሏታል፣ አባቷ የሚጫወታት መስሏታል። መዳፉ ውስጥ ሞቅ ባለ ትንፋሽ ደግማ ጠራችው።